ለወፍና ለቢራቢሮ ማያስሮጥ ጉዞ፣ ከባቱ (ዝዋይ) እስከ ባሌ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከስቶክሆልም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሳምንት እረፍት አለንና አገር ቤት እንመጣለን፣ ባለቤቴ ፈረንጅ ነው ወፍ ወፍ ሲል ነው የሚውለው፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ደሞ ቢራቢሮ ካየች መኪናው ካልቆመ ብላ ታለቅሳለች፣ እማዬ አዲስ አበባ ናት ሰባን አልፋለች ጉልበቷን ያማታል ግን እኔም ካልሄድኩ ብላለች። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ፕሮግራም ላከልን፣ አዋሽ፣ ባሌ፣ ነጌሌ ቦረና፣ ያቤሎ፣ አርባ ምንጭ፣ በየቀኑ ሌላ ሆቴል፣ መነሻው ሌሊት 10 ሰዓት! ይሄ እረፍት ነው ወታደር ቤት? ትንሽ ቦታ መርጠን ቀስ ብለን ማየት እንችላለን ወይ፣ ደሞ ጥቅምት ይሻላል ገና? ጋይድስ የግድ ነው?

ሐይቅ ዳር፦
እህቴ እንኳን በሰላም መጣሽ ልበል ከወዲሁ። እኔ ሐዋሳ ነው ጋይድ ምሠራው። የላኩልሽ ፕሮግራም ውሸት አይደለም፣ የተሠራው ግን ሌላ ቦታ ማይገኙ ወፎችን ብቻ እያሳደዱ ዝርዝራቸው ላይ ምልክት ለሚያደርጉ ሰዎች ነው። ነጌሌ ሚኬደው ለሊበኗ ላርክና ለሩስፖሊ ቱራኮ ነው፣ ያቤሎ ደሞ ለቁራ ዘመዷ ቡሽ ክሮውና ለነጭ ጭራዋ ዋጋቢት፣ ለነሱ ብለሽ እናትሽን በዛ መንገድ ልታንገላቺያቸው ነው? ባለቤትሽ ሌላ ጊዜ ብቻውን ይምጣ።

ለናንተ ሦስት ማረፊያ ይበቃል፣ ባቱ ወይ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ከዛ ዲንሾ ወይ ጎባ። በየቦታው ሦስት አራት ሌሊት እደሩ። ባቱ ላይ ጀልባ መነሻው ጋ ብቻ ብትቀመጡ አባ ኮዳው፣ ፔሊካኑ፣ የአሳ ንስሩ ራሱ ይመጣላችኋል፣ እናትሽ ወንበር ላይ ሆነው ሻይ እየጠጡ ያዩታል። ላንጋኖ ምስራቅ ዳርቻ የሾላና የዋርካ ጫካ አለ፣ ሜዳ ነው ጉልበት አይጠይቅም። አብያታ ላይ ግን ፍላሚንጎ እንደ ድሮው በሺ ይኖራል ብላችሁ አትሂዱ፣ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ እየተሳበ ሐይቁ ሸሽቷል፣ ከሻላ ደቡብ ያለችው ትንሿ ጭቱ ብትሻል ነው። ከግራሩ ስር እርኩም ሲንጎራደድ ግን ታያላችሁ። ሐዋሳ ጠዋት አሞራ ገደል አሳ ገበያ፣ ከዛ ጀልባ፣ ከሰዓት ዛፉ ላይ ጉሬዛ። ለጥ ያለ ነው።

ቅጠል በል፦
የቢራቢሮዋን ልጅ ነገር ሳነብ ደስ አለኝ 😊 ማንም ማይነግራችሁ ነገር፣ ወፍና ቢራቢሮ በሰዓት አይጣሉም። ወፍ ከንጋት 12 ሰዓት እስከ 3 ነው ጥሩው፣ ቢራቢሮ ደሞ ፀሐይ ሳትሞቅ ክንፏን አታነሳም፣ ከ3 ተኩል በኋላ ነው ሚጀምረው። ስለዚህ ልጅቷን ከእንቅልፏ መቀስቀስ የለባችሁም፣ አባትየው ጨለማ ውስጥ ይውጣ፣ እሷ ቁርሷን በልታ ትነሳ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ 10 ሰዓት ላይ ሁላችሁ እንደገና።

ስለ ወቅት፣ ጥቅምት! ገና ላይ አገሩ ደርቆ ይጠብቃችኋል፣ ክረምቱ እንደወጣ ግን አበባው ገና አልረገፈም አባጨጓሬውም አድጎ ወጥቷል፣ ከአውሮፓ ክረምት የሸሹት ወፎችም ገብተዋል። ሙቅ ቦታ ላይ ወተት ያለውን ጦቢያ ስታዩ ቅጠሉን ገልብጡት፣ ቢጫ ነጭ ጥቁር ቀለበት ያለው አባጨጓሬ ካለ የብርቱካንማዋ የአፍሪካ ሞናርክ ልጅ ነው፣ ከተክሉ መርዝ ስለሚወስድ ወፎቹ አይበሉትም። ሎሚና ብርቱካን ያለበት ግቢ ካረፋችሁ ደሞ የወፍ ኩስ ሚመስል ነገር ቅጠሉ ላይ ፈልጊላት፣ እሱ የጥቁርና ቢጫዋ ስዋሎቴይል ነው፣ ልጄ ለሁለት ቀን ሌላ ነገር አላወራም ነበር። ወንዶ ገነት ጅረቱ ዳር እርጥብ ጭቃ ላይ ተሰብስበው ጨው ሲመጥጡ ታገኛላችሁ፣ ከዛፍ ማይወርዱትን ትልልቆቹን ካራክሲሶች ደሞ የበሰበሰ ሙዝ ያወርዳቸዋል። ስዊድን በበጋ ምታዩዋት ፔይንትድ ሌዲ እኛም ጋ አለች፣ ሰሃራን ሚያቋርጡት የሷ ዘሮች ናቸው፣ ለልጅቷ ንገሯት።

ቦሌ ቡልቡላ፦
ይቅርታ ግን ባሌን ምን አመጣው? እዛ ያለው ሳነቲ አምባ ከ4 ሺ ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ የሰባ ዓመት እናት ይዞ? ጉልበት ብቻ አይደለም ልብም አለ። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ገፈርሳ ግድቡ ጋ ሰማያዊ ክንፏን ዝይ፣ ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አፍ ላይ ጭላዳና ጥንብ አንሳ፣ መናገሻ ጫካ፣ ቢሾፍቱ፣ ማታ ቤታችሁ። አቦ አትድከሙ።

ሐይቅ ዳር፦
ቡልቡላ ስጋትህ ትክክል ነው ሐኪም መጠየቅ አለባቸው፣ የልብ ወይ የሳንባ ችግር ካለ እኔም አልመክርም። ግን አንድ ነገር ረሳህ፣ እናትየው አዲስ አበባ ናቸው፣ 2,300 ሜትር ላይ ኖረው ያረጁ፣ ሚቸገሩት ከባህር ዳርቻ ሚመጡት እነ ስዊድን ናቸው 😂 ሐዋሳ 1,700 ስለሆነ ከዛ ዘላችሁ ሳነቲ አትውጡ፣ ዲንሾ ወይ ጎባ ሁለት ሌሊት እደሩ። ዲንሾ ላይ ጥዱ ስር የደጋ አጋዘን ግቢ ውስጥ እንዳለ ከብት ይግጣል፣ ጉጉቷን ደሞ የአካባቢው ጋይዶች የቱ ዛፍ ላይ እንደምትተኛ ያውቁታል።

ሳነቲን በመኪና ነው ምታቋርጡት፣ ከጎባ ወደ ደሎ መና ሚሄደው መንገድ መሀሉን ይሰነጥቀዋል፣ እናትሽ ጋቢ ለብሰው በመስኮት ጅብራውን፣ ፍልፈሉን፣ እሱን ለመብላት አድብቶ ሚጠብቀውን ቀይ ቀበሮ ያያሉ። ባለቤትሽ አገሩ ሚያውቀውን ወርቃማ ንስር እዛም ሲያገኝ ይገረማል። ከዛ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ነው፣ አስታው አልቆ ሽበታም ሚመስሉ ዛፎች፣ ሪራ መንደርን አልፋችሁ ሙቀቱ ይጀምራል ቡናው ከጫካው ስር፣ እዛ ልጅቷ ትውረድ። በአንድ ቀን ይሄን ሁሉ መልክ ሚያሳይ ቦታ ሌላ አላውቅም፣ ዩኔስኮም በፈረንጆቹ 2023 ላይ በከንቱ አልመዘገበውም።

ከስቶክሆልም፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ጥቅምት አልን በቃ። ሐኪም እናሳያታለን። ጋይዱን በምን እንምረጥ?

ሐይቅ ዳር፦
ደውለሽ አንድ ነገር ጠይቂው፣ "ጠዋት አንድ ቦታ ብቻ ብንቆይ ቅር ይልሃል?" በይው። እንትን እናያለን እዛ እንሮጣለን ካለሽ ተይው። ሌላው፣ አንዳንዱ ወፍ ለማምጣት በስልክ ድምፅ ያጫውታል፣ ትንሽ ከሆነ እሺ፣ ጎጆ በያዘችበት ሰዓት ደጋግሞ ከሆነ ግን ወፏ እንቁላሏን ትታ ስትከላከል ነው ምትውለው፣ እንደዛ ሚያደርግ ከሆነ አቁም በይው። መንገድ ደሞ ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ሁኔታውን ከአካባቢው ሰው ጠይቁ፣ ከወር በፊት የሰማሽውን አትመኚ። ባይናኩላር ለልጅቷ ትንሽ፣ በ8 ሚያጎላ ይብቃት፣ ትልቁ አንገቷን ያማታል።

ቅጠል በል፦
መረብ አትግዙላት ደሞ፣ ፓርክ ውስጥ መያዝ አይቻልም። ስልክ ላይ ፎቶ ታንሳ፣ የክንፉን ስርም ላዩንም።