ሊነጋጋ ሲል ከሰማይ የሚሰማው ድምፅ ምንድን ነው?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ሰላም ወገኖች። ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ሰሞኑን ሊነጋጋ ሲል ሻይ ይዤ ጣሪያው ላይ እወጣለሁ። ከላይ «ፒው» ይላል፤ ከዚያ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ ሌላ «ፒው»። ቀና ስል ምንም አይታየኝም። ትናንት ሻዬን እስክጨርስ 23 ቆጠርኩ። እናቴ በጨለማ ወፍ ሲጮህ ከሰማች ታማትብ ነበር። እኔን ግን ደስ ነው የሚለኝ። ምንድን ናቸው?

መልስ 1
የሌሊት ወፍ ነዋ።

መልስ 2 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
የሌሊት ወፍ አይደለችም። የእሷ ድምፅ አብዛኛው ለሰው ጆሮ አይሰማም። ወንድሜ፣ የምትሰማው ከካናዳና ከሰሜን ጫካዎች ወደ ደቡብ የሚጓዙ ትናንሽ ወፎችን ነው። ሌሊት አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይረጋጋል፤ ጭልፊትም የለም። ቀን ወርደው ይበላሉ።

እኔ ከሆስፒታል ፈረቃ ስወጣ ነው የለመድኳቸው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቬሪ የሚባለው ቡናማ ወፍ ይበዛል። ክብደቱ 30 ግራም ገደማ ነው፤ እሱን ይዞ ብራዚል ይገባል! ጳጉሜ አልፎ መስከረም ሲጠባ ደግሞ የስዌንሰንስ ትረሽ የሚባለው ወፍ ተራ ነው። ድምፁ የትንሽ እንቁራሪት ይመስላል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ኩሬ ፍለጋ ዞሬያለሁ።

ዝናብ አልፎ ከሰሜን ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ የነፈሰ ሌሊት እንዳያመልጥህ። ሊነጋ ሲል ዝቅ ስለሚሉ ድምፃቸው ይቀርብሃል። ጣሪያ መውጣትህ ጥሩ ነው፤ ታች የፌንጣው ጩኸት ይውጣቸዋል። በርድካስት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የካውንቲህን ስም ብታስገባ፣ ሌሊቱን ስንት እንዳለፉ ከአየር ጠባይ ራዳር ገምቶ ይነግርሃል።

አንድ ነገር ልለምንህ። የጣሪያው መብራት የሚጠፋ ከሆነ አስጠፋው። መብራት መንገዳቸውን ያስታቸዋል፤ ከመስታወት ጋር ተላትመው ይሞታሉ። ጠዋት የሕንፃ ሥር ወድቀው አግኝቻለሁ፣ ገና ሳይቀዘቅዙ። አንዷን በእጄ ይዣት አልቅሻለሁ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። አለቃዬን ጠይቄ ከደረጃው መብራት በቀር ሌላው ጠፋ። ትናንት ነፋሱ ከሰሜን ነበር፤ 61 ቆጠርኩ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «ምን እየበሉ ነው ያን ሁሉ መንገድ?» አለችኝ።

መልስ 2
ትላትል፣ ጉንዳን፣ የዱር ፍሬ። እዚህ ሰፈር ውስጥ ዶግዉድ የሚባለው ዛፍ ሞልቷል፤ መስከረም ላይ ፍሬው ይቀላል። ከሥራ ስትወጣ እሱ ሥር ትንሽ ቁም።