የፈረንሳይ ካርቱን ለልጆች፦ ፎሊማዥ ወይስ የኪሪኩ ስቱዲዮ? ጥቆማ ስጡኝ

እናት በሊዮን
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ 5 እና 9 ዓመት። ትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት ኪሪኩ የሚባለውን፣ ስለ አንድ ትንሽ አፍሪካዊ ልጅ የተሠራውን የፈረንሳይ ካርቱን አሳይተውት ከመጣ ወዲህ ሌላ ካርቱን አላይም ብሏል። ጩኸትና ሩጫ ያልበዛበት፣ በእጅ የተሳለ ነገር ነው የምፈልገው። አንዲት ጓደኛዬ ፎሊማዥ የሚባል ስቱዲዮ አለ አለችኝ። ከሁለቱ የቱን ትመርጣላችሁ? ዲቪዲውንስ ሊዮን ውስጥ ከየት ላግኝ? ለየካቲቱ ዕረፍት ነው።

ማሙሽ 69
ሚኒየንስን ክፈቺላቸውና ተገላገዪ። ሰው የአሜሪካ ይመስለዋል እንጂ እዚሁ ፓሪስ ነው የሚሠራው። ማክ ጋፍ የሚባል የፈረንሳይ ድርጅት ነበር፤ በ2011 የአሜሪካው ዩኒቨርሳል የአኒሜሽን ክፍሉን ገዝቶ ኢሉሚኔሽን የሚባለው የካርቱን ስቱዲዮው አካል አደረገው። የሚኒየኖቹን ድምፅ የሚያወጣው ፒዬር ኮፋንም ፈረንሳዊ ነው።

እናት በሊዮን
አመሰግናለሁ ማሙሽ፣ እሱን ግን በቃላቸው ይዘውታል። በእጅ የተሳለ ነው ያልኩት።

ቡና በጨው
እህቴ፣ ከኢንተርኔት ያገለገለ ዲቪዲ እንዳትገዢ! እኔ አምና ሦስቱን የኪሪኩ ፊልሞች በአንድ ላይ አዘዝኩ። ማሸጊያው ያምራል። ስንከፍተው አንዱ ዲስክ የለም። የመጀመሪያው ፊልም ደግሞ ተጭሯል፤ ኪሪኩ ወደ ጠንቋይዋ ቤት መሬት ለመሬት እየቆፈረ ሲሄድ ቀጥ ይላል። ሦስቴ ሞከርነው፣ ሦስቴም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቀረ። ልጄ «ሞተ እንዴ?» ብላ አለቀሰች። ሻጩ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኝም።

ሰላማዊት ነኝ
እኔንም አቃጥለውኛል! እህቴ ከሜሪላንድ የላከችልኝ ጭራሽ አልነሳም አለ። ዲቪዲ በሚሸጥበት አገር በዞን ይከፈላል፤ የአሜሪካ ዲቪዲ ዞን 1 ነው፣ የእኛ ማጫወቻ ዞን 2። ከመግዛትሽ በፊት ጀርባውን እዪ።

የጊዮቲየር ደንበኛ
እኔ እዚሁ ሊዮን፣ ጊዮቲየር ሰፈር የምገዛበት ሰውዬ አለ። ከእሱ ሌላ ሰው ጋ ሄጄ አላውቅም። አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ቡና በጨው
የፎሊማዥ ፊልሞች አሉት?

የጊዮቲየር ደንበኛ
ጠይቄው አላውቅም። ግን ሰውዬው ታማኝ ነው። ባይኖረው ያስመጣል።

ታዛቢ
ስለ ካርቱን የተጠየቀ መስሎኝ ነበር የገባሁት። ለካ የሸማቾች ፍርድ ቤት ነው። ቀጥሉ፣ ቀጥሉ።

ቡና በጨው
ልጅህ ስታለቅስ አይተህ ቢሆን እንዲህ አትልም ነበር።

ከቫላንስ
እህቴ፣ የምኖረው ቫላንስ ነው፤ ከሊዮን ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል። ፎሊማዥ የከተማዬ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝምብሽ።

ዣክ-ሬሚ ዢሬር ስቱዲዮውን በ1981 የመሠረተው እዚሁ ነው (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ፓሪስ አልሄደም። ያኔ የሚሠሩት ልጆች በሚያድቦለቡሉት በፕላስቲሲን ነበር። የአሻንጉሊቱን እጅ ትንሽ ታነሻለሽ፣ ፎቶ። ደግሞ ትንሽ፣ ፎቶ። አንድ ሴኮንድ ፊልም 24 ምስል ይበላል። በዚህ ዓይነት ትዕግሥት የሠሩት ስለ ሰርከስ የሚያወራ አጭር ፊልም በ1988 ሴዛር ተሸለመ። ሴዛር የፈረንሳዮች ኦስካር በይው።

ከዚያ ከሌላ አገር ሠዓሊ እየጋበዙ አጭር ፊልም ማሠራት ጀመሩ። ሆላንዳዊው ሚካኤል ዱዶክ ደ ዊት በ1994 ዓሣ ስለሚያሳድድ መነኩሴ እዚያ ሠርቶ ለኦስካር ታጨ። 6 ደቂቃ ነው፣ ንግግር የለውም። ለትንሹ ልጅሽ ከዚህ ጀምሪለት።

በ1999 ትምህርት ቤት ከፈቱ። ስሙ ላ ፑድሪዬር ነው፣ የባሩድ ግምጃ ቤት ማለት። ስቱዲዮው ራሱ በ2009 የገባበት ግቢ ደግሞ የድሮ ጥይት ፋብሪካ ነው። ጥይት ይመረትበት የነበረ ቤት ውስጥ ዛሬ ድመትና እንቁራሪት ይሳላል። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ስለ ፊልሞቹ፦ «የእንቁራሪቶቹ ትንቢት» የ2003 ነው፣ የመጀመሪያው ረጅም ፊልማቸው። የኖኅን ታሪክ የሚያውቅ ልጅ ቶሎ ይገባዋል። 40 ቀን ይዘንባል፤ ሰውና እንስሳ በአንድ ጎተራ ይንሳፈፋሉ። ሥጋ በሎቹ ጾም እንደያዙ ድንች ብቻ ይበላሉ፣ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። «የድመት ሕይወት» (2010) ለኦስካር ታጭቷል። መናገር ካቆመች ልጅ ጋር ቀን ቀን የሚኖር፣ ሌሊት በፓሪስ ጣሪያ ላይ ከሌባ ጋር የሚዞር ድመት ነው። ለልጅቷ እንሽላሊት ገድሎ ያመጣላታል፤ እሷ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። መብራት የሚጠፋበትን ቦታ ልብ በዪ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሰዎቹ በነጭ መስመር ብቻ ይታያሉ። ወንበዴው ግን ያስፈራል። ለ9 ዓመቱ እንጂ ለ5 ዓመቱ አይሆንም።

ማሙሽ 69
ኤርነስትና ሴለስቲንም የፎሊማዥ ነው አይደል? ድቡና አይጧ?

ከቫላንስ
አይደለም ወንድሜ። ስሙ ነው ያሳሳተህ። ስሙ የሚመሳሰል ፎሊቫሪ የሚባል ሌላ ስቱዲዮ አለ፣ በ2014 የመጣ። እሱን ያቋቋመው ዲዲዬ ብሩነር ነው፤ ቀድሞ በ1994 ሌዛርማተር የሚባለውን ስቱዲዮ የመሠረተው ሰው። ኪሪኩም ኤርነስትና ሴለስቲንም የሌዛርማተር ናቸው። እዚያ አሠራሩ ይለያል፤ ሥራው በየአገሩ ይከፋፈላል። የኪሪኩ ሥዕል ሪጋና ቡዳፔስት ድረስ ሄዷል። ድምፁ ዳካር ተቀዳ፣ ሙዚቃው የሴኔጋሉ ዘፋኝ የዩሱ ንዱር ነው። የኪሪኩ ዳይሬክተር ሚሼል ኦስሎም ልጅነቱን ያሳለፈው ጊኒ ነው። ትልቁ ልጅ የወደደው ይህን ይመስለኛል፣ ያንን ድምፅ።

ደግሞ ስማ፣ ኤርነስትና ሴለስቲንን ከሠሩት አንዱ ቤንዣመን ሬነር እዚሁ ላ ፑድሪዬር ነው የተማረው። በ2023 ያንተዎቹ የሚኒየንስ ሰዎች ጋ ሄዶ የዳክዬዎቹን ፊልም ሠራ።

ማሙሽ 69
ይሄንን አላውቅም ነበር! ዳክዬዎቹን ሁለቴ አይተናቸዋል።

ሰላማዊት ነኝ
በአማርኛ የተተረጎመ የለም? ልጆቻችን ቋንቋው እየጠፋባቸው ነው። የኔዎቹ አማርኛ የሚሰሙት ከ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። ያቺ ቀጭኔ ነፍሷን ይማረውና ብዙ ረድታኛለች።

ቡና በጨው
ቀጭኔዋ መች ሞተችና!

የ3ኛው ወረዳ አባት
ለምን ትገዣለሽ? እዚሁ ሊዮን የፓርዲዩ ቤተ መጻሕፍት ሂጂ። ለልጆች ምዝገባው ነፃ ነው፣ ዲቪዲ ያውሳሉ። ካልነሳም ትመልሺዋለሽ፣ ማንም አያለቅስም።

እናት በሊዮን
ተባረኩ። ከቫላንስ፣ ግቢውን ከልጆች ጋር መጎብኘት ይቻላል?

ከቫላንስ
ሰው ሥራ ላይ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም። ቀድመሽ ጻፊላቸው። ከመጣችሁ ግን ምሳ እኛ ቤት ነው።

የጊዮቲየር ደንበኛ
ዛሬ ሰውዬዬን አናገርኩት። የድመቱ የለውም። ኪሪኩ ግን አለ፤ ማጫወቻ ላይ ከፍቶ አሳየኝ፣ ጥርት ያለ ነው።

ቡና በጨው
ጉድጓዱን ሲያልፍ አየኸው?