ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለችው ፎቅ ቤት፦ ትጠገን ወይስ በብሎኬት ትመሰል?

የሰፈሩ ልጅ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ ያለችውን ባለ በረንዳ ፎቅ ቤት ታውቋታላችሁ። ታቿ ድንጋይ ነው፣ ላይዋ እንጨትና ጭቃ። አሁን ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው እንዳለች ትጠገን ይላል። ሌላው ትፍረስና በብሎኬት ትሠራ፣ በረንዳዋና መስኮቷ ተመስሎ ይገጠምላት ይላል። እኔ ትጠገን ባይ ነኝ። በ2016 ፒያሳ ላይ ያየነው ማፍረስ ይበቃናል።

ባለ ብሎኬቱ፦ ወንድሜ፣ ትዝታ ጣሪያ አይደፍንም። ጭቃ ቤት ነው እኮ! አንድ ሻማ ከወደቀ አለቀ። በ2007 ጥር ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አላያችሁም? ውጩ እስከተመሳሰለ ድረስ ማን ይለየዋል?

ጡረተኛው አናጺ፦ እኔ እለየዋለሁ ልጄ። ጭቃ ቤት ስትሉ ቤቱን ጭቃው የተሸከመው ይመስላችኋል። የተሸከመው እንጨቱ ነው። ቋሚው ጽድ ነው፣ ማገሩ ተመትቶበታል፣ ጭቃው ልብሱ ነው። ልብስ ይቀየራል። ጭድ ገብቶበት በእግር ይረገጣል፣ ለቀናት ይቦካል፣ ከዚያ ይመረጋል። ክረምቱ ሲወጣ ስንጥቁ ይደፈናል። ጽድ ደግሞ እንደ ባህር ዛፍ አይደለም፣ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። እንጦጦ ማርያም ጎን ያለውን የምኒልክን ግቢ ሄዳችሁ እዩ። እንጨትና ጭቃ ነው። በ1882 ዘውድ በጫኑበት ዘመን የነበረ ቤት ዛሬም እየታደሰ ቆሟል።

እንዲህ ያለውን ቤት የሚገድለው ሲሚንቶ ነው። ጭቃ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶ ይተፋል። ላዩን በሲሚንቶ ከለሰንከው እርጥበቱ መውጫ ያጣና እንጨቱ ላይ ይተኛል። ውጩ ያማረ፣ ውስጡ የበሰበሰ ግድግዳ ስንቱን በእጄ አፍርሻለሁ!

ተከራይዋ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ደስ ይላል። እዚያ ቤት የማድረው ግን እኔ ነኝ። ትርፍ ቤት ከወረሰው የ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የቀበሌ ነው፣ ላይኛው ፎቅ ለአራት ቤተሰብ ተሸንሽኗል። ከጎረቤቴ የሚለየኝ ችፑድ ነው። ሲያስነጥሳቸው ይማርዎ የምለው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። በረንዳው ማዕድ ቤት ሆኗል። ሽንት ቤቱ አንድ ነው፣ እሱም ግቢው ጫፍ። ክረምት ሲገባ ድስትና ባልዲ ደርድሬ ነው የምተኛው።

ባለ ብሎኬቱ፦ ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?

ተከራይዋ፦ አንተን መቼ ደገፍኩ? ብሎኬቱ ሲያልቅ ተመልሼ እንደምገባ ማን ዋስ ይሆነኛል?

የታሪክ ተማሪዋ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ውስጥ በነዚህ አሮጌ ቤቶች በረንዳና በተቀረጸው እንጨት ላይ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ አለበት። ማገሩና ምርጊቱ ግን የአገሬው ነው። በረንዳውን ብሎኬት ላይ ብንለጥፈው የአገሬውን ጥለን የእንግዳውን አስቀረን ማለት ነው። ይሄ አያስቅም?

ባለ ብሎኬቱ፦ ያስቃል። ግን ጽድ ከየት ይመጣል? ዋጋውንስ ጠይቃችኋል?

ጡረተኛው አናጺ፦ ሁሉም አይቀየርም እኮ። መጀመሪያ የሞተው ከቆመው ይለይ።

የሰፈሩ ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት ከጋሼ ጋር ቢላ ይዘን ሄድን። ድንጋዩ ላይ ያረፉትን ቋሚዎች ሥር ሥራቸውን ወጋሁ። በሦስቱ ማዕዘን ጫፉ እንኳ አልገባም፣ እጄን ነው ያመመኝ። አራተኛው ከጥቂት ዓመት በፊት በሲሚንቶ የተለሰነው ጎን ነው። እዚያ ቢላው እስከ እጀታው ሰጠመ። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ዞረው አዩኝ ብቻ። እንግዲህ ሥራው አንድ ቋሚ መቀየር፣ ሲሚንቶውን መላጥና ቆርቆሮውን ማደስ ነው።

ተከራይዋ፦ እሺ። ሽንት ቤቱስ?