ሴፍትሪያክሶን ለሚጥል በሽታ ይሆናል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት፣ ፌኖባርቢታል እየወሰደችም አልፎ አልፎ ይጥላታል፣ አሁን አንድ ጓደኛዬ ሴፍትሪያክሶን፣ ያ ለሳንባ ምች የሚወጉት መርፌ፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ግሉታሜት ይቀንሳል አለኝ፣ እውነት ነው? ላስወጋት ወይ?

መልስ፦ ፋርማሲስት ነኝ፣ ነገሩ መሰረት አለው። ግሉታሜት ነርቭን የሚያነቃቃ ኬሚካል ነው፣ ሲበዛ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፣ ትርፉን ጠርጎ የሚወስደው ደግሞ በዋናነት አስትሮሳይት በሚባሉት የአንጎል ሴሎች ላይ ያለ ጂኤልቲ-1 የሚባል ፕሮቲን ነው፣ በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ሴፍትሪያክሶን አይጦች ላይ ይሄን ፕሮቲን እንደሚያበዛ ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ፣ ከዛ ወዲህ ለሚጥል በሽታም አይጦች ላይ ተሞክሯል። ግን የአይጥ ውጤት ሰው ላይ ላይደገም ይችላል፣ ኤኤልኤስ ለሚባለው የነርቭ በሽታ በሰው ላይ በትልቅ ጥናት ተሞክሮ አልጠቀመም።

መልስ፦ ወንድሜ በእግዚአብሔር እንዳታስወጋት! ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይሄው መርፌ ራሱ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፣ ሐሞት ከረጢት ውስጥም ዝቃጭ ይሰራል፣ ለረጅም ጊዜ ከተወጋች ደግሞ ባክቴሪያው ይለማመደዋል፣ ነገ ማጅራት ገትር ቢመጣ በምን ልትታከም ነው?

መልስ፦ ፌኖባርቢታሉን ሳታስተጓጉል ነው የምትወስደው? ድንገት ከተቋረጠ የባሰ ይጥላታል። ሲጥላት በስልክ ቅረጽና ኒውሮሎጂስት (የነርቭ ሐኪም) ጋ ውሰዳት፣ ዶዙን አይተው ያስተካክሉላታል ወይ ሌላ ይቀይሩላታል።