ማኒካራን፦ ወረቀቴ ሳያልቅ ከአከራዮቼ ጋር ልሂድ?

የፓቲያላው
ሰላም ወገኖች። ፑንጃብ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። የመኖሪያ ፈቃድ እድሳቴን በኢ-ኤፍአርአርኦ (የውጭ ዜጎች ምዝገባ ድረ ገጽ) አስገብቻለሁ፤ መልስ ግን የለም። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ቪዛ ጊዜው አልፏል። አከራዮቼ ሲኮች ናቸው። በነሐሴ መጀመሪያ ቤተሰቡ ሁሉ በመኪና ሂማቻል ግዛት ወዳለችው የፍል ውኃ መሳለሚያ ወደ ማኒካራን ይሄዳል፣ እኔንም «ትመጣለህ» ብለው ይዘውኛል። እኔ ስታመም እናትየዋ አስታመውኛል፣ ኪራይ ሲዘገይም ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም፤ እምቢ ማለት ከበደኝ። ሁለት ነገር ንገሩኝ፦ ወረቀቱ በሂደት ላይ እያለ ሂማቻል ሄጄ ማደር እችላለሁ? ጊዜው ፍልሰታ ነውና እዚያስ ምን እበላለሁ?

ጋሽ ዴልሂ
ልጄ፣ መሄድና ማደር ለየቅል ናቸው። ሂማቻል ውስጥ የውጭ ዜጋ ልዩ ፈቃድ የሚጠየቀው በቻይና ድንበር በኩል ባሉት የኪናውርና የላሃውል-ስፒቲ አንዳንድ ቦታዎች ነው። ማኒካራን ያለው ኩሉ አውራጃ፣ ፓርቫቲ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ እዚያ ልዩ ፈቃድ የሚባል የለም። ችግርህ ማታ ነው የሚመጣው። ሆቴልም ሆነ የሃይማኖት ቦታ ማደሪያ፣ የውጭ ሰው ሲያሳድር ፎርም ሲ የሚሉትን በ24 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት መሙላት አለበት። ቅጹ የቪዛህን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ይጠይቃል። ቀኑ ካለፈ፣ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ሕግ ከሚያጣራ «ክፍል የለም» ቢልህ ይቀለዋል። ማመልከቻህ የገባበትን ማረጋገጫ በወረቀት አትመህ ያዝ፣ ስልክህን ብቻ አትመን። ከዩኒቨርሲቲህም ደብዳቤ ጨምርበት። ከ180 ቀን በላይ በሆነ ቪዛ የገባ ሰው በ14 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት እንኳ ሳያውቅ የሚከርም ተማሪ አለ እኮ!

ሌላም ልንገርህ። ሸለቆው በሐሺሽ ስሙ የወጣ ነው፤ ማላና የሚባለው መንደር እዚያው ቅርብ ነው። ፖሊስ መኪና አስቁሞ ይፈትሻል፣ የ1985ቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግም ቀልድ አያውቅም። ሲፈተሽ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ «ውረድ» የሚባለው ጥቁሩ ነው። የማንንም ቦርሳ እንዳትይዝ።

ሐይፋ
ጋሼ እውነት ነው። እኔ ከእስራኤል ሠራዊት ከወጣሁ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ካሶል ነበርኩ፤ ከማኒካራን 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነው። ምግብ ቤቱ ሁሉ በዕብራይስጥ ጽፎ ሻክሹካ ይሸጣል፣ ሐባድ የሚሉት የአይሁድ የጸሎት ቤትም አለ። ጓደኞቼን «ሻሎም» ይሏቸዋል፣ እኔን «ናይጄሪያ?»። ሳቅሁም ተናደድሁም።

ማኒካራን ግን ደስ ይላል። ወንዙ በረዶ ነው፣ ዳሩ ላይ ግን ከመሬት እንፋሎት ይወጣል። ተሳላሚው ሩዝና ሽምብራ በጨርቅ ቋጥሮ በገመድ ወደ ፍል ውኃው ያወርዳል፣ ሲበስል ያወጣል። የጉርድዋራው (የሲኮቹ ጸሎት ቤት) ድስቶችም ፍል ውኃው ውስጥ ተቀምጠው ነው ሩዙ የሚበስለው። ሂንዱዎቹ የሺቫ ሚስት የፓርቫቲ የጆሮ ጌጥ ውኃ ውስጥ ጠፍቶ፣ ሼሻ የተባለው እባብ ሲነፋ ውኃው እየፈላ ዕንቁውን አወጣው ይላሉ። ሲኮቹ ደግሞ የእምነታቸው መሥራች ጉሩ ናናክ እዚያ ሲደርሱ ተከታያቸው ማርዳና ራበው፣ ዱቄት እንጂ እሳት አልነበረም፣ ድንጋይ ቢያነሣ ፍል ውኃ ወጣ፣ የሰመጠውም ቻፓቲ (ቂጣ) በጸሎት በስሎ ተንሳፈፈ ይላሉ። ሁለቱም እዚያው ጎን ለጎን ይሳለማሉ፤ ሲጣሉ አላየሁም።

የማርያም ልጅ
ወንድሜ፣ ሰዉ ስለ ወረቀትህ ይጨነቃል፣ እኔ ስለ ነፍስህ። ሱባኤ ገብተህ መዋል ሲገባህ ጣዖት ቤት? ምግባቸው ደግሞ ዳሉ (የምስር ወጡ) ሳይቀር በንጥር ቅቤ ነው የሚቁላላው። በእጅህ የሚያስይዙህ ካራህ ፕራሻድ የሚሉት ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ ነው። ጾሙን ትሽራለህ፣ ያውም በማን ማዕድ!

ደሴ ፒያሳ
እህቴ፣ ሲኮች ጣዖት የላቸውም። የሚሰግዱት በመጽሐፋቸው ፊት ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ የድጎማው ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ ወረፋ እየዘገየ ያበላኝ ጉርድዋራ ነው። ራስ ሸፍነህ፣ ጫማ አውልቀህ፣ ከሀብታሙም ከለማኙም እኩል መሬት ላይ ትቀመጣለህ። ሃይማኖቴን የጠየቀኝ የለም። አሁን ሠርቼ ብር ስልክ ደግሞ የገዛ ወንድሜ ሰላም ሳይለኝ «ምነው አነሰ?» ይለኛል።

ሶደሬ
የወንድምህን ነገር ተወው፣ የሁላችንም ነው። እኔን ያባባኝ ፍል ውኃው ነው። እናቴ ጉልበቷን ሲያማት ወንዶ ገነት እንወስዳት ነበር። አሁን ማን ይወስዳታል?

አንተ ልጅ ግን ነሐሴ የክረምት ዝናብ ወር መሆኑን አትርሳ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 ከተራራው የወረደ ቋጥኝ የጉርድዋራውን ሕንፃ መትቶ ሰው ገድሏል። በመጋቢት 2025ም እዚያው አጠገብ ዛፍ ወድቆ ስድስት ሰው ሞቷል። ወረቀቱም ጾሙም ሳይሆን ይኼ ነው የሚያስፈራኝ። መስከረም መጨረሻ ሂዱ በላቸው።

የማርያም ልጅ
ደሴ፣ ሲኮቹ ጣዖት ባይኖራቸው ማኒካራን ላይ የሺቫ ቤት አጠገባቸው ነው። «ይህ ለአማልክት የተሠዋ ነው ቢላችሁ አትብሉ» የሚለውን አንደኛ ቆሮንቶስ 10፥28 አንብብ።

ደሴ ፒያሳ
አንድ ቁጥር ከፍ በይ! 27 ላይ «ከማያምኑ ሰዎች አንዱ ቢጠራችሁ፣ ልትሄዱም ብትወዱ፣ ያቀረቡላችሁን ብሉ» ይላል። ልጁ የተጠራው በማን ነው?

የማርያም ልጅ
ጳውሎስ በፍልሰታ ቅቤ ብሉ አላለም።

ጋሽ ዴልሂ
እባካችሁ፣ ልጁ የጠየቀው ቪዛ ነው።

የፓቲያላው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሶደሬ ያልሽውን ነገርኳቸው፤ እናትየዋ «ስለት አለብኝ፣ ቀኑ አይቀየርም» አሉ። ልጃቸው ወደ ማደሪያው ቢደውል «ፓስፖርቱን ይዞ ይምጣ፣ እናያለን» ነው ያሉት። ለጾሙ ግን ቅቤ የማይነካው ዳል በሌላ ድስት ይሠሩልኛል።

የማርያም ልጅ
ድስቱስ ይሁን። ማንኪያው?