በ150 ሲሲ ሞተር ላይ የሚያሞቅ ጃኬትና ጓንት መጠቀም ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን

ለሥራ ጉዳይ በሳምንት ሦስት ቀን ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና በሞተር እመላለሳለሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስነሣ ሜዳው በውርጭ ነጭቶ ይጠብቀኛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጣርማ በር ላይ ስደርስ ጣቶቼ ከመደንዘዛቸው የተነሣ ፍሬኑን መያዝ አለመያዛቸውን በዓይኔ አይቼ ካልሆነ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ደግሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ከሞተር ባትሪ ጋር በሽቦ የሚገናኝ ባለ12 ቮልት ጃኬትና ጓንት አምጥታልኛለች። በጃኬቱ ላይ 77 ዋት፣ በጓንቱ ላይ ለሁለቱም እጅ 27 ዋት የሚል ተጽፏል። ሞተሬን ሳልጎዳ ሁለቱንም ማገናኘት እችላለሁን?

መልስ፦ የሞተር ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ እንዲያገናኙ አልመክርዎትም። ሁለቱ ሲደመሩ 104 ዋት ይሆናሉ፤ የእርስዎን መሰል ሞተሮች ዲናሞ የተሠራው ግን መብራቱን፣ ካንዴላውንና የባትሪውን ቻርጅ ችሎ ጥቂት እንዲተርፈው ተደርጎ ነው። ዲናሞው ያልቻለውን ባትሪው ይከፍላል። በትንንሽ ሞተሮች ላይ የተለመደው ባለ5 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ እንኳ የሚይዘው 60 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ጃኬቱን ብቻውን ቢሸከም አንድ ሰዓት አይሞላም።

ጓንቱን ግን መሞከር ይችላሉ። ሽቦውን ከፊት መብራቱ መስመር ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው ያውጡ፤ ከፖዘቲቩ አጠገብ ባለ5 አምፒር ፊውዝ ያስገቡ፤ ቁልፉ ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋም በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ያሠሩት። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱና ጓንቱ በርተው፣ በባትሪው ጫፎች ላይ ቮልቴጁን ይለኩ። ከ13 ቮልት በላይ ከቆየ ዲናሞው ችሎታል፤ ወደ 12 ተኩል ከወረደ ግን ባትሪው እየተበላ ነውና ይንቀሉት።

መልስ፦ ከዴንቨር

እኔ ዲናሞው ትልቅ በሆነ ሞተር ላይ የሚያሞቅ ጃኬት ለብሼ ክረምቱን ሁሉ እነዳለሁ። ከልምዴ የተረዳሁት እጅ የሚደነዝዘው በእጅ ብርድ ብቻ አለመሆኑን ነው። ደረትና ሆድ ሲቀዘቅዙ ሰውነታችን ሙቀቱን ለውስጥ ብልቶች ለማቆየት ሲል የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ፣ ጓንቱ የቱንም ያህል ቢሞቅ ጣት ደም ያጥረዋል። ስለዚህ ለትንሽ ሞተር የሚሻለው የራሱ ሊቲየም ባትሪ ያለው የሚያሞቅ ሰደርያ ነው፤ ከሞተሩ ምንም አይወስድም። ሙቀቱን ዝቅ አድርገው ከያዙት ጉዞዎን ሊያደርስዎ ይችላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ የሚያሞቅ ልብስ በባዶ ገላ ላይ አይለበስም። የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን ስለማያሳውቅ ከሥር ስስ ሹራብ ይልበሱ።

መልስ፦ ከመንዝ

ከኤሌክትሪኩ በፊት ነፋሱን ይዝጉ። አየሩ 2 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዱ፣ ገላ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ያህል ነው። እኔ ከመሪው ግራና ቀኝ ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን የሚሸፍን ከወፍራም ሸራ የተሰፋ የእጅ መከለያ አስሬአለሁ፤ ጓንት ብቻውን ካደረገልኝ ይልቅ ይህ ጠቅሞኛል። ከሹራቡ በላይ ነፋስ የማያስገባ የዝናብ ልብስ ይደርቡ። ጋቢ ለብሰው ግን አይንዱ፤ ጫፉ ሰንሰለት ውስጥ ከገባ ሰው ይጥላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጓንቱን አስገጥሜ ለካሁት፤ መብራቱ በርቶ፣ ሞተሩ በጉዞ ፍጥነት ሲሠራ 13.3 አሳየ፤ በዝግታ ሲሠራ ግን 12.6 ወረደ። ሰደርያውን እህቴ በሚመጣ ሰው ልትልክልኝ ተስማምታለች።

መልስ፦ የሞተር ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

እንግዲያው ሞተሩ ቆሞ በዝግታ ሲሠራ ጓንቱን ያጥፉት፤ ሲነሡ ያብሩት። ለሰደርያው ደግሞ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ጭነት ሻንጣ ውስጥ ስለማይፈቀድ፣ መልእክተኛው በእጅ ሻንጣው እንዲይዘው አስቀድመው ይንገሩት።