የአብራሪነት መመዘኛ ፈተና ተጠርቻለሁ፤ ከምን ልጀምር?

አዲስ_እጩ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለአየር ኃይል ያስገባሁት ማመልከቻ አልፎ ለአብራሪነት መመዘኛ ፈተና ተጠርቻለሁ። ደስታውም ጭንቀቱም እኩል ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ጆይስቲክና ፔዳል አለው፣ ሒሳብ አለው፣ በሄድፎን የሚሰማ ቁጥርም አለው ተብያለሁ። ከዚህ ያለፈ የሚነግረኝ ሰው ግን አላገኘሁም።

ሒሳብ አልፈራም፣ የተማርኩትም ምህንድስና ነው። የሚያስፈራኝ ሁለት ሦስት ነገር ባንዴ ሥሪ የሚለው ክፍል ነው። ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት መለማመጃ ነጥቧን በጆይስቲክ መከተል አያቅተኝም፣ ሒሳቡም ለብቻው ሲመጣ አያቅተኝም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ወይ ነጥቧ ታመልጠኛለች ወይ ቁጥሩ ይጠፋኛል። ይሄ በልምምድ የሚስተካከል ነው ወይስ አብሮ የሚወለድ? ግማሹ ሰው «አፕቲትዩድ (የችሎታ መለኪያ) አይጠናም፣ እንቅልፍሽን ተኝተሽ ሂጂ» ይለኛል። ግማሹ ደግሞ ውድ ሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ) ግዢ ይለኛል። ሌላው፣ ቁመቴ አጠር ያለ ነው፣ መነጽርም አደርጋለሁ። በዚህ ምክንያት ገና ከበሩ ይመልሱኝ ይሆን? ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ባለፔዳል፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። «አይጠናም» የሚሉሽን አትስሚ። ጥያቄዎቹን መሸምደድ አይቻልም ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው፤ የሚለካው ችሎታ ግን አብዛኛው በልምምድ ይሻሻላል።

ከሒሳቡ ልጀምር፣ ምክንያቱም አልፈራውም ብለሻል። እዚያ የሚጠየቀው የምህንድስና ሒሳብ አይደለም። ወረቀት የለም፣ ካልኩሌተር የለም፣ እጅሽም ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ፍጥነትን ሁሉ ወደ ደቂቃ መንዝሪው። አንድ ኖት በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል ማለት ነው። በ240 ኖት የሚበር አውሮፕላን በደቂቃ 4 ኖቲካል ማይል ይሄዳል፣ በ420 ኖት የሚበር 7 ይሄዳል። በ420 ኖት 35 ማይል ስንት ደቂቃ ይፈጃል ሲሉሽ 35 ለ7 ሲካፈል 5፣ አለቀ። ነዳጅም እንደዚሁ ነው፤ በሰዓት 1,800 ኪሎ የሚያቃጥል በደቂቃ 30 ያቃጥላል። የኮምፓስ ተቃራኒ አቅጣጫ ሲጠይቁሽ ደግሞ 180 ዲግሪ ለመደመር አትታገዪ። 200 ደምረሽ 20 ቀንሺ። ቁጥሩ ከ180 በላይ ከሆነ 200 ቀንሰሽ 20 ደምሪ። 070 ከሆነ 250፣ 310 ከሆነ 130። ይሄን መንገድ ላይ ስትሄጂ፣ ሰልፍ ላይ ስትቆሚ፣ እቃ ስታጥቢ ደጋግሚው። እጅሽ ሌላ ነገር እየሠራ ማስላቱ ራሱ ልምምድ ነው።

ሁለተኛው የመሣሪያ ንባብ ነው። የሰው ሠራሽ አድማስ (አውሮፕላኑ ከአድማስ አንጻር ማዘንበሉን የሚያሳይ መሣሪያ) እና የኮምፓስ ሥዕል ይሰጡሽና አውሮፕላኑ እንዴት እየበረረ እንደሆነ ምረጪ ይሉሻል። ብዙ ሰው የሚወድቀው አድማሱ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር የአውሮፕላኗ ምልክት አትንቀሳቀስም፣ የሚያዘነብለው መስመሩ ነው። ወደ ቀኝ ስታዘነብዪ የመስመሩ ቀኝ ጫፍ ከፍ፣ ግራው ዝቅ ብሎ ይታያል። ላልለመደ ዓይን ወደ ግራ ያዘነበለች ነው የሚመስለው። መፍትሔው ቀላል ነው። መስመሩን ተዪውና የትኛው ክንፍ ወደ መሬቱ ቀለም እንደገባ እዪ። ቀኙ ከገባ ወደ ቀኝ ነው። (በሩሲያ ሥሪት መሣሪያ ደግሞ መስመሩ አያዘነብልም፣ የምታዘነብለው የአውሮፕላኗ ምልክት ናት። ፈተናሽ የትኛውን እንደሚጠቀም መመሪያው ላይ በደንብ አንብቢ።)

ሠንጠረዥ ንባብም አትናቂ። በአሜሪካ አየር ኃይል የመኮንኖች መመዘኛ ውስጥ 40 ጥያቄ በ7 ደቂቃ ነው፣ ለአንዱ 11 ሰከንድ እንኳን አይደርስም። አንድም ከባድ ጥያቄ የለበትም። ዓይንሽ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እንዳይዘል ነው የሚፈትንሽ።

ጡረተኛ_አስተማሪ፦

ልጄ፣ ስለ «ሁለቱ ሲገናኙ» እኔ ልመልስልሽ፣ ዋናው እሱ ስለሆነ። የበረራ አስተማሪ ሆኜ ከኋላ ወንበር ላይ ያየሁት ሁሉ እዚያች ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ እጅሽን እዪ። ነጥቧ መሃል አልቀመጥ ስትል አዲስ ሰው ጆይስቲኩን በሙሉ መዳፉ ጨምድዶ ይይዛል። ይገፋል፣ ነጥቧ መሃሉን አልፋ ትሄዳለች። ይመልሳል፣ አሁንም አልፋ ትሄዳለች። ትከሻው ጆሮው ጋ ይደርሳል፣ ትንፋሹን ይይዛል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው 7 ሲባል ቢሰማ እንኳን አልሰማም። በጣት ጫፍ ያዢው። ትንሽ ገፋ አድርጊ፣ ቆም ብለሽ የሠራሽውን እዪ፣ ከዚያ እንደገና ትንሽ። እጅ ሲላላ ጭንቅላት ቦታ ያገኛል። ደግሞ ልብ በይ፣ በአውሮፕላን ሥርዓት ጆይስቲኩን ወደፊት ስትገፊ አፍንጫው ይወርዳል፣ ስትስቢ ይወጣል። ግራ ፔዳል ስትረግጪ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል። ይሄ ሳታስቢው እስኪመጣ ድረስ ነጥቧን ለብቻዋ ተለማመጂ፣ ሒሳቡን ያኔ ጨምሪበት።

ሁለተኛ ዓይንሽ። ነጥቧ ላይ አይተከል። ነጥቧን አየት፣ ቁጥሩን አየት፣ መብራቱን አየት፣ ተመልሰሽ ነጥቧን። በረራ ላይም ያው ነው፤ ከፍታ መለኪያውን አፍጥጦ የሚያይ ሠልጣኝ ከፍታውን አንድ ሜትር ሳይስት አቅጣጫው 20 ዲግሪ ሄዷል። ፈታኞቹ የሚፈልጉት ነጥቧን መሃል ላይ የሚቸነክር ሰው አይደለም። ሁሉንም በቂ በሆነ ደረጃ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ቁጥር ሲያመልጥሽ ተዪው። ያመለጠውን ስታሳድጂ የሚቀጥሉትን ሁለት ታጫለሽ። ጎበዝ ተማሪዎች እዚህ ላይ ነው የሚንኮታኮቱት፣ መሳሳት ስላልለመዱ። ፈተናው ሆን ተብሎ ማንም ሁሉንም እንዳይመልስ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ሲበዛብሽ «በቃ ወደቅሁ» አትበይ፣ ሥራሽን ቀጥዪ።

ፈተናው ዝም ብሎ ማጣሪያ ነው ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች የእጩዎችን ውጤት ከ1 እስከ 9 ባለው መለኪያ ይሰጡ ነበር። በ1943 (እ.ኤ.አ.) አንድ ቡድን ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ወደ ሥልጠና እንዲገባ አድርገው ተከታተሉት። ዝቅተኛ ነጥብ ካመጡት አብዛኞቹ ሥልጠናውን አልጨረሱም። ስለዚህ አክብረሽ ተዘጋጂበት።

ጆይስቲክ_ወዳጅ፦

ጋሼ በሁሉም እስማማለሁ፣ ሲሙሌተር ግዢ ለሚሏት ግን አንድ ነገር ልጨምር። ውድ መሆን የለበትም እንጂ ይጠቅማል። አንድ ርካሽ ጆይስቲክና አንድ ጥንድ ፔዳል እግርና እጅ እንዲግባቡ ያደርጋሉ። በሕይወቱ ፔዳል ነክቶ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ደቂቃዎቹን እግሩን በመፈለግ ነው የሚያባክነው።

ለሄድፎኑ ክፍል ደግሞ ይሄን ሞክሪ። በብዙ ፈተናዎች ላይ በግራ ጆሮ ሌላ፣ በቀኝ ጆሮ ሌላ ቁጥርና ፊደል ይመጣል። አንቺ ለአንዱ ጆሮ ብቻ ነው የምትመልሺው። ሬዲዮ ላይ ዜና ክፈቺና ጓደኛሽ አጠገብሽ ሆኖ ቁጥር ይጥራ። ጎዶሎ ቁጥር ሲል ብቻ ጠረጴዛውን ምቺ። መጀመሪያ ያበሳጫል፣ ከዚያ ጆሮሽ ራሱ መምረጥ ይጀምራል።

ጡረተኛ_አስተማሪ፦

ለእጅና ለእግር ከሆነ ይሁን። እኔ የምፈራው ቤት ውስጥ ብዙ የለመደውን ነው። ሲሙሌተር ላይ ያደገ ሠልጣኝ አውሮፕላን ውስጥ ሲገባ ዓይኑ ከመለኪያዎቹ አይነሳም። ውጭ ሰማይ አለ፣ ሌላ አውሮፕላን አለ፣ እሱ ግን ሰሌዳውን ነው የሚያየው። ያንን ማስጣል ከዜሮ ከማስተማር ይከብዳል። ስለዚህ በልክ ይሁን።

ነጭ_ጋዎን፦

እኔ በሕክምናው በኩል ያለውን ልናገር፣ አብራሪዎችን መመርመር ሥራዬ ስለሆነ።

ቁመት። ዋናው የቁም ቁመትሽ አይደለም። የሚለካው ተቀምጠሽ ያለሽ ቁመት፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት ያለው ርዝመትና የእጅሽ መድረሻ ነው። ጥያቄው ከኮክፒቱ (ከአብራሪው ክፍል) ውጭ ይታይሻል ወይ፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ትረግጫለሽ ወይ፣ በአደጋ ጊዜ ወንበሩ አስፈንጥሮ ሲያወጣሽ ጉልበትሽ ከምንም ጋር አይላተምም ወይ ነው። ረጅሞችም በዚሁ ይወድቃሉ። ብዙ ኮክፒቶች የተሠሩት ድሮ በተለካ የወንድ አብራሪ ሰውነት ነው፣ ለሴቶች የከበደውም ለዚህ ነው። አሁን ግን እየተለወጠ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ለአብራሪ እጩዎች ከ163 እስከ 196 ሴንቲሜትር ገደማ የሚል መነሻ መስፈርት ነበረው፣ በ2020 (እ.ኤ.አ.) የታችኛውን ወሰን አነሳው። አሁን እጩዋ ተለክታ የትኛው አውሮፕላን እንደሚሆናት ይታያል። ስለዚህ ሳትለኪ ራስሽን አታሰናብቺ።

መነጽር። ብዙ አየር ኃይሎች ዓይንሽ በመነጽር ሙሉ ለሙሉ የሚስተካከል ከሆነ እስከ ተወሰነ ደረጃ ይቀበላሉ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ መልማዮቹን ሳትጠይቂ የሌዘር ቀዶ ሕክምና እንዳታደርጊ። አንዳንዱ አንዱን ዓይነት ብቻ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይቀበልም። የሚቀበለውም ቢሆን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወራት መጠበቅና እይታሽ መርጋቱ መረጋገጥ አለበት። በገዛ ገንዘባቸው ዕድላቸውን የዘጉ ወጣቶች አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። ቀለም መለየትን በተመለከተ ደግሞ ነጠብጣብ ውስጥ ቁጥር ያለበትን ሰሌዳ የሚሸመድዱ አሉ፣ አያዋጣም። ሌላ ምርመራ ይከተላል።

ያለብሽን ሕመም አትደብቂ። የልጅነት አስም፣ ራስ መሳት፣ የሚደጋገም ማይግሬን ካለ ተናገሪ። አንዳንዱ ተመርምሮ የሚፈቀድ ነው፣ ተደብቆ ሲገኝ ግን ጉዳዩ ከሕክምና ወደ እምነት ማጣት ይሄዳል።

አዲስ_እጩ፦

እናንተዬ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ጋሼ፣ እጄን ሲገልጹት ያዩኝ ነው የመሰለኝ፣ ለካ ጨምድጄ ነው የምይዘው። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። የማላውቀውን ልገምት ወይስ ልዝለል? ደግሞ ብወድቅ እንደገና መፈተን ይቻላል?

ባለፔዳል፦

መገመቱ እንደ ፈተናው ይለያያል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ የሚቀንስበትም የማይቀንስበትም አለ። መመሪያው ላይ ይጻፋል፣ አንቺ ከመጀመርሽ በፊት አንብቢው፣ ሰው ሁሉ ቸኩሎ የሚያልፈው እሱን ነው። ካልቀነሰ ባዶ አትተዪ። አንዳንዱ ደግሞ እንደ መልስሽ የሚቀያየር ነው። በትክክል ስትመልሺ ቀጣዩ ይከብዳል፣ ስለዚህ ጥያቄው እየከበደ ሲሄድ አትደንግጪ።

እንደገና መፈተንን በተመለከተ ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአቪዬሽን ፈተና በዕድሜ ልክ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ «እስቲ ልየው» ብሎ መግባት የለም። ያንቺን ደንብ መልማዮቹን በጽሑፍ ጠይቂ።

ጡረተኛ_አስተማሪ፦

ቃለ መጠይቅም ስላለ፤ «አብራሪ ካልሆንሽ ምን ትሆኛለሽ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አስቀድመሽ ከልብሽ አስቢበት። የሚመለምሉት መኮንን ነው፣ መብረር ከሥራዎቹ አንዱ ነው። በቡድን ሥራ ላይ ደግሞ ዝም ያለውን ልጅ ሐሳብ የምትጠይቂ ሁኚ፣ ጮክ ብሎ መምራት ብቻ አይደለም የሚታየው።

ነጭ_ጋዎን፦

ስትሄጂ የቅርቡንም የድሮውንም የመነጽር ማዘዣሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ዓይንሽ መርጋቱን ከዚያ ነው የሚያዩት። ኮንታክት ሌንስ ካደረግሽ ከምርመራው ስንት ቀን በፊት ማውለቅ እንዳለብሽ ደውለሽ ጠይቂ።